አንጁሎ ሳይፈቅድ የተቀባው በረንዳ

የአንጁሎ ልጅ ማርቆስ ሲደውል የሎጁ በረንዳ ላይ ተንበርክኬ ያረጀውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እፍቅ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ እጄን ሳላቆም አነሳሁት። ሥራ ይዤ እጅ ማቆም አልወድም። «ጋሽ ደበበ፣ አባባ ወደ ጌታ ሄደ» አለኝ። ያን ጊዜ እጄ ቆመ። ቀብሩ መቼ ነው ስለው ቀብሩም አልፏል። ደጋው ገረሴ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ልጁ ስልኩን ይዞ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ሰንብቷል። እንዲህ ሆኖ አንጁሎን ሳልቀብረው ቀረሁ።

ስለ እሱ ከማውራቴ በፊት የሚያወራው ማን እንደሆነ ይታወቅ። እኔ አናጢና ቀለም ቀቢው ደበበ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በሲሚንቶ ከረጢትና በቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። ዛሬ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ፕላን አነባለሁ፣ ይኸው ደግሞ እጽፋለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ እስከ ሴቻ የእኔ እጅ ያላረፈበት በር ካለ፣ ያ በር ብረት ነው። ሌላ ሰው የቀባውን ግድግዳ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አይቼ ስንት ጊዜ እንደተቀባና የትኛው ላይ እንደተቸኮለ እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን እውነት ነው። እንዲህ ያለ ሰው «አቃተኝ» ሲል ክብደቱ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

በአንጁሎ ነገር ግን አቃተኝ።

ሎጁ ያለው ሴቻ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። በረንዳው ከገደሉ አፍ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው፤ ታች ጫካው፣ በአንድ በኩል ጫሞ፣ በሌላ በኩል አባያ። ወለሉ ጥቁር እንጨት ነው። ጥቁር እንጨት ኩሩ ነው፣ እንደ ዝግባ የሰጡትን ሁሉ አይጠጣም። በዓመት ውስጥ ፀሐዩ ያገረጣዋል፣ ዝናቡ ያሻግተዋል፣ ዝንጀሮ ከእንግዳ ሳህን የነጠቀውን ሙዝና ማንጎ ይጨፈልቅበታል። ስለዚህ በጋ በገባ ቁጥር ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በተልባ ዘይት የተቀመመ ቡናማ ቀለም ይጠጣል፣ ያልጠጣው ትርፍ በጨርቅ ይጠረጋል። ማጠቡ የአንጁሎ፣ መቀባቱ የእኔ ነበር።

አንጁሎ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ከገረሴ ወርዶ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲያጠጣ ኖረ፤ ሎጁ ሲሠራ ዘበኛም አጣቢም ሆኖ ገባ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በር አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ብሩሽ ሰጥተውት ያውቃሉ። ይቀበላል፣ ይመርቃል፣ ወስዶ መጋዘን ያስቀምጣል። እሱ የሚያጥበው ከደጋ በሚያስመጣው የእንሰት ቃጫ ነው። «ብሩሽ ይቧጭራል፣ ቃጫ ይለምናል» ይለኝ ነበር። ቃጫውን ጠቅልሎ፣ በሳሙና ነክሮ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ አግድም አንድ ጊዜ እንኳ አይልም። በመጨረሻ ጥቁር ነጥቦቹን በሎሚ ውሃ ያነጣቸዋል። ሲያጥብ ይዘምራል። ፈጣኑ መዝሙር ለሳሙናው፣ ዝግ ያለው ለሎሚው ነው። ከወጥ ቤት ሆኜ መዝሙሩን ሰምቼ ሥራው የት እንደደረሰ አውቅ ነበር።

አማርኛው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ሚስቴ መጣ» ይል ነበር። እንጨት ግን ምንጊዜም ሴት ናት። እኔ ደግሞ በጋሞኛ ልመልስለት ስሞክር ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ተው ደበበ፣ ቋንቋዬን ታቆስለዋለህ።»

ከሁሉ የማይረሳኝ ጉንጩ ነው። ከታጠበ በኋላ እንጨቱ መድረቁን የሚያውቀው በጉንጩ ነበር። በደረቱ ይተኛና ጉንጩን ሳንቃው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዲት እንግዳ የሞተ መስሏት አስተናጋጅ ጠርታ ታውቃለች። የእንጨቷ ሆድ ውስጥ ውሃ ካለ ላይዋ ቢሞቅም ከሥር ይቀዘቅዛል፣ ይህን መዳፍ አይሰማውም፣ ጉንጭ ነው የሚሰማው ይላል። ከዚያ ይነሳና ወይ «ገና ናት» ይለኛል፣ ወይ «ተጠምታለች»። ተጠምታለች እስኪል ድረስ ብሩሼን ቀለም ውስጥ አልነክርም። እኔ ማንም አዞኝ የማላውቅ ሰው፣ ቀለሜን ቀምሜ፣ ጨርቄን ቆርጬ፣ የአንድ ሽማግሌ ጉንጭ ስጠብቅ እውል ነበር። አንድም ዓመት አልተሳሳተም። የእኔም ቀለም አንድም ዓመት አላሳፈረም።

አንዴ አንዲት አስተናጋጅ በረንዳው ላይ የመጥበሻ ዘይት አፍስሳ ምንጣፍ አለበሰችበት። ሲገኝ ሁሉም ማን ነው እያለ ሲጯጯህ አንጁሎ ዝም ብሎ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ያልተነገረ ጥፋት አይደርቅም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ልጅቱ ቆይታ መጥታ ተናገረች። እሱም ከደረጃው ሥር እርጥብ ሳር ነጭቶ በእጇ አስያዛትና አለቀ አላት። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የተነሳ ዱላ ይመለሳል፤ ይህን ሳር ከያዝክ በኋላ ያን ጥፋት የሚያነሳብህ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዘይቱን ያነሳባት አልነበረም። እድፉንም አንጁሎ በቃጫ ለምኖ አስለቀቀው።

ያለፈው በጋ እንዲህ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ሊማር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ትሑት ልጅ ነው። በጥር በረንዳው ላይ ሰርግ እንዳለ ነግሮን በታኅሣሥ ጀመርን። አንጁሎ እንደ ወትሮው አጠበ፣ ሁለቱንም መዝሙር ዘመረ። በነጋታው መጥቼ ሳየው ወለሉ እርጥብ ነው። ጤዛ ነው አልኩ። በማግስቱም እርጥብ ነው። ዝንጀሮ ቧንቧ ከፍቶ ይሆናል አልኩ። ዘበኛውን እንዳልጠይቅ ዘበኛው ራሱ አንጁሎ ነው። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። አንጁሎ ተንበርክኮ፣ ቃጫውን ጠቅልሎ፣ ፈጣኑን መዝሙር እየዘመረ ያጥባል።

«አንጁሎ፣ አጥበናትኮ» አልኩት።

«መቼ?»

«ትናንትና። ከትናንት ወዲያም።»

ቀና ብሎ አየኝ፣ ወለሉን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «ትናንት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለኝ። እሁድ ካለፈ ቆይቷል። ከዚያ ፊቴ ላይ ያየውን እንጃ፣ ቃጫውን ባልዲው ውስጥ ጣለና ሳቀ። እርጅና ነው ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ወለሉ እርጥብ ነበር።

ለካ ከዚያ በፊትም ምልክቱ ነበረ። በሟች ወንድሙ ስም ጠርቶኛል። ሻዩን ጠጥቶ ሻይ አላመጣችሁልኝም ብሏል። እኔ የበር ማጠፊያ ሲላላ ከሩቅ የምሰማ ሰው፣ ይህን አልሰማሁም።

አንድ ጠዋት ግን ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጫሞ ላይ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች እንደ ዝንብ ይታያሉ። ዓይኑ ጥርት ብሏል። «ደበበ፣ እኔንም እያጠቡኝ ነው» አለኝ። «እድፉ ቢሆን ደግ ነበር፣ ቀለሙ ነው የሚለቀው።»

እሱ ቀጠለ። ይህ ነገር ከታወቀ ናትናኤል ለልጁ ይደውላል፣ ማርቆስም ገረሴ ይወስደዋል። ልጁ ደግ ነው፣ ምራቱም ደግ ናት። ግን ከገረሴ የወጣው ጺም ሳያበቅል ነው። «እዚህ ብረሳም እግሬ ያውቃል» አለኝ። «ቧንቧው የት ነው፣ እግሬ ይወስደኛል። እዚያ እግሬም አያውቅም። ወደዚያ እንዳይልኩኝ፣ ደበበ።»

አይልኩህም አልኩት። እኔ ከተናገርኩ ተናገርኩ ነው።

ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቃጫውን ደበቅሁ። በማግስቱ ሳር ጠቅልሎ አጠባት። ማታ ከሥራ ስወጣ የቧንቧውን ዋና መክፈቻ ዘጋሁ። ጎረቤት ድረስ በጀሪካን ተመላልሶ አጠባት። «ታጥቧል» ብዬ በትልቅ ፊደል ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልኩ። ካርቶኑን አውርዶ፣ ከሥሩ ያለውንም አጥቦ፣ መልሶ ሰቀለው። ሳሩን አጭጄ የጣልኩ ጊዜ ደግሞ በራሱ ጋቢ ሲፈትግ አገኘሁት። ሚስቱ የፈተለችው ጋቢ ነበር። ጋቢውን ከእጁ ወስጄ ቃጫውን መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቅሁም።

ናትናኤል በየቀኑ ይመጣል። ጋሼ፣ ሰርጉ እየደረሰ ነው፣ ችግሩ ምንድን ነው ይለኛል። እንጨቱ ነው እለዋለሁ፤ ዘንድሮ ውሃ ይዟል እለዋለሁ። ያምነኛል። እኔን የማያምን የለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አሰብኩ። አንጁሎ የሚያጥባት ያልተቀባች ስለሆነች ነው፤ ቀለም ካየ ሥራው አልቋል ብሎ ይተዋል። ታዲያ እንድትደርቅ ካልተወኝ፣ እርጥቧን እቀባታለሁ። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም እንደሚነጣና እንደሚጣበቅ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሰርጉ በፊት ባለው እሁድ፣ አንጁሎ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጩን ሳልጠብቅ ብሩሼን ነከርኩ። እንጨቷ አልጠጣችም። ቀለሙ ላይዋ ላይ ተኛ።

እንዳሰብኩትም ሆነ። አንጁሎ ተመልሶ ቀለሙን ሲያይ ደስ አለው፣ «ጨረስን» አለኝ። በነጋታው አላጠበም። በማግስቱም አላጠበም። ያን ሰሞን ከተማ ውስጥ ስሄድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ተመልከት፣ ይህንንም ቻልኩት እል ነበር በሆዴ።

የሰርጉ ዋዜማ ላይ ቀለሙ ነጣ። እንደ ለምጽ ነጣ። ወንበር ሲያስቀምጡበት እግሩ እየተጣበቀ አልነሳ አለ። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ፣ ናትናኤልም መጣ፤ አልተቆጣም፣ ግራ ገብቶት ብቻ ያየኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ቸኮልኩ።» ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አንድ ሠራተኛ «ጋሽ ደበበም ይቸኩላል?» ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

ያን ጊዜ አንጁሎ ደረሰ። ሰው ሁሉ ገለል አለለት። በደረቱ ተኛ፣ ጉንጩን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲነሳ ግማሽ ፊቱ ቡናማ ሆኖ ነበር።

«እርጥብ ላይ ነው የተቀባችው» አለ። «ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ። አንጁሎ ዓይናቸውን ተከትሎ እኔ ላይ ደረሰና ፊቱ ተለወጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልክ ጋቢውን ከእጁ የወሰድኩ ጊዜ ያየኝ አስተያየት ነው።

«አንተ? አብረን ስንት በጋ፣ አንተ?»

በሰው መሃል ምን ልበለው? ምክንያቱ አንተ ነህ ልበለው?

«ተናገር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያልተነገረ ጥፋት አይደርቅም።»

«አጠፋሁ» አልኩ።

ፊቱ በራ። ከደረጃው ሥር ሳር ነጭቶ በእጄ አስያዘኝ፣ ትከሻዬን ይዞ ጸለየልኝ፣ አለቀ አለኝ። እውነትም ያለቀ መስሎኝ ነበር። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ይነጠፍና ሰርጉ ያልፋል፣ እኔ እሰደባለሁ፣ አንጁሎ ክፍሉ ውስጥ ይኖራል። ስሜን ከፍዬ መቆየቱን ገዛሁለት ብዬ አደርኩ።

በሰርጉ ጠዋት የዲኮር ሠራተኞች አበባቸውን ይዘው ሲደርሱ አንጁሎ ምንጣፉን ጠቅልሎ ገደል አፍ ላይ አስቀምጦ በረንዳውን እያጠበ ነበር። ውሃው በደረጃው ይወርዳል። የሙሽራይቱ አጎት ይጮሃል። ናትናኤል እየሮጠ መጥቶ እጁን ሲይዘው አንጁሎ በጥሞና አየውና «ልጄ፣ አንተ የማን ነህ?» ብሎ ጠየቀው። በየቀኑ ምሳ አብሮት የሚበላውን ልጅ ነው።

ያን ጊዜ እኔ ከባጃጅ ወርጄ ደረስኩ። አንጁሎ እኔን አወቀኝ። በእርጥብ እጁ ጠራኝና ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ደበበ፣ አትፈር። የአንተን ጥፋት እያጠብኩልህ ነው። እንግዳ ሳይመጣ እናደርሳለን።»

ሁሉ ነገር ጠፍቶት፣ ያ ጥፋቴ ብቻ አድሮ ትዝ ብሎት ነበር።

ናትናኤል በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?» አለኝ። ለማርቆስ ሲደውል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን ልጅ ምን ብዬ እወቅሰዋለሁ? ማርቆስ ከገረሴ መጣ፣ አባቱን አጠበው፣ ልብስ ቀየረለት፣ እኔን ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እሱንስ ምን ብዬ? የሚጣሉት ሰው ቢኖር እችልበት ነበር። አንጁሎ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቃጫውን እንደያዘ በመስኮት ብቅ አለ። «እስክመለስ እንዳትቀባት» አለኝ። እሺ አልኩት። መኪናው ሲሄድ እጄን እንደ ሞኝ አንስቼ ቆሜ ቀረሁ። አይልኩህም ብዬው ነበር።

ከዝናቡ በኋላ ገረሴ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። አንጁሎ ከእንሰቱ ሥር ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ወፍሯል፣ ንጹሕ ነው፣ ምራቱ እንደ ልጅ ይዛዋለች። አላወቀኝም። ማርቆስ ሊነግረው ሲል በዓይኔ ከለከልኩት፤ ራሱ እንዲያስታውሰኝ ፈልጌ ነው።

«ከየት መጣህ ወንድሜ?» አለኝ።

«ከአርባ ምንጭ።»

«እዚያ ወዳጅ ነበረኝ። ቀለም ቀቢ ነው። ትንሽ ጉረኛ ነው።»

«ሙያውስ?»

«እጁ ወርቅ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አንድ ጊዜ እርጥብ እንጨት ላይ ቀባ። እሱ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ለምን እንዳደረገው አስባለሁ፣ አስባለሁ፣ አላገኘውም። ሌሊት እንኳ ይህ ነገር ያስነሳኛል።»

ለምን እንደሆነ አፌ ላይ ነበር። ብነግረው እሱን ማሳፈር ነው፤ ባልነግረው ሲጨነቅ ሊኖር ነው። ስንት የተቆለፈ በር የከፈትኩ ሰው፣ የዚህን ቁልፍ አጣሁት። እሱ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ሳር ነጨ፣ አደራ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ አቀበለኝ።

«ስትወርድ ስጠው። አንጁሎ ይቅር ብሏል በለው። ግን ለምን እንዳደረገው ይናገር።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

ሳሩን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አርባ ምንጭ ስደርስ ደርቆ ነበር።

ያን ቀለም ዘንድሮ በሙሉ ፍቄ አነሳሁት። ናትናኤል ሰው ልጨምርልዎት ቢለኝ እምቢ አልኩት። ከማርቆስ ስልክ በኋላ በቃጫ አጠብኩት፣ ጅማቱን ተከትዬ፣ አግድም ሳልል፤ በሎሚ ውሃም አነጣሁት። መዝሙሩን አላውቀውም፣ ዝም ብዬ አጠብኩ። ለምን እንዳደረግሁትም ይኸው ጻፍኩ፤ ይነገር ያለው እሱ ነው።

ፀሐዩ ደህና ነው፣ ቀለሜንም ቀምሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰው ሳይመጣ በደረቴ ተኛሁና ጉንጬን ሳንቃው ላይ አሳረፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ቆየሁ። ገና ናት ወይስ ተጠምታለች፣ መለየት አልቻልኩም።